እጅ የሚይዝ ሰው

ጣሂር መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የግራ ጉንጩን ጨርሶ ወደ ቀኙ ሊሻገር ሲል፣ ወንድሙ አብዱልመናን ከግድግዳው ወዲያ «እጅ የሚይዘው እኔ ብሆን ይሻላል» ሲል ሰማው። ምላጩን እንደያዘ ቆመ። ኦክላንድ ያለው ይህ አፓርታማ በወር አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ዶላር ይከፈልበት እንጂ መታጠቢያ ቤቱንና ኩሽናውን የሚለየው ግድግዳ ከካርቶን አይሻልም። ጣሂር ግን ስለ ግድግዳው ለአከራዩ አማርሮ አያውቅም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ገዛ ኑሮው ካወቀው ነገር አብዛኛውን የሰማው በዚያ በኩል ነው። ልጁ ካውሰር ኮሌጅ መግባቷን፣ ቀጥሎም ኮሌጁን ልትቀይር መሆኑን፣ ቀጥሎም እንድሪስ የሚባል ልጅ መኖሩን፣ ቀድሞ የነገረው ግድግዳው ነበር።

«ሰው ፊት እንዳይሸማቀቅ ብዬ እኮ ነው» አለ አብዱልመናን። ድምፁን ዝቅ ባደረገ ቁጥር ይበልጥ የሚሰማ ሰው ነው። «ሁለት መቶ ሰው ነው የሚመጣው። ቪዲዮ አለ፣ ካሜራ አለ። እኔ ወኪል ሆኜ እይዛለሁ፣ እሱ እዚሁ ጎኔ ይቀመጣል። አባትነቱን ማን ይወስድበታል?»

«ታዲያ ንገረው» አለች ዓፊፋ።

«አንቺ ንገሪው እንጂ። ሚስቱ አይደለሽ?»

«አንተስ ወንድሙ አይደለህ?»

ከዚያ ወዲያ የሽንኩርት መክተፊያ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ጣሂር ቀኝ ጉንጩን ተላጨ። በግራ እጅ ቀኝ ጉንጭን መላጨት ከባድ ነው፤ አንገትን እንደ ግመል ማዞር ይጠይቃል። ከአራት ዓመት በፊት ሲጀምረው መስታወቱ ላይ ደም ይረጭ ነበር። አሁን ሳይቆርጥ ይጨርሳል።

ዛሬ የካውሰርና የእንድሪስ ኒካህ ነው፤ «እጅ መያዝ» ማለትም እንዲህ ነው። በወሎዎቹ ልማድ ኒካህ ሲታሰር የልጅቷ አባትና ሙሽራው ምንጣፍ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ። ቀኝ እጃቸውን ይጨባበጣሉ፤ ከላይ ነጭ መሐረብ ይደረብበታል። ሼኹ ቃሉን አንድ በአንድ ያስብሏቸዋል፤ አባት «ዳርኩህ» ይላል፣ ሙሽራው «ተቀበልኩ» ይላል። ጋብቻው እዚያ ላይ አለቀ፤ የቀረው ሩዝና ፎቶ ነው። ጣሂር ደግሞ ቀኝ እጅ የለውም። ከክርኑ በታች አራት ጣት የምታህል ቀርታለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ያጣው ሄይዋርድ፣ አንድ መጋዘን ግቢ ውስጥ ነው። የራሱ ትራክ ነበረው። ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴነር እየጎተተ ያደርስ ነበር። የዚያን ቀን የጫነው የወለል ሸክላ ነበር፤ ሸክላው መንገድ ላይ ተንሸራቶ ከውስጥ በሩን ተደግፎት ኖሮ፣ ጣሂር እጀታውን ጨብጦ ሲፈታው በሩ ከነሸክላው መጣበት። እጁ እጀታውን እንደጨበጠ ቀረ። ይኼ ለአነጋገር አይደለም። የሌለው እጁ ዛሬም ድረስ እጀታውን እንደጨበጠ ነው። ሌሊት ጣቶቹ አልፈታ ብለው ይቀሰቅሱታል፤ በግራ እጁ ሊያሻቸው ሲሄድ አልጋ ልብሱን ያገኛል።

ሆስፒታል ውስጥ ያስተረጎመችው ካውሰር ናት። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ አማርኛዋም እንደ አብዛኞቹ የሠፈሩ ልጆች ለመስማት እንጂ ለመናገር አልነበረም። ሐኪሙ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተናገረ፤ እሷ ሰማችው፤ ከዚያ «አባ፣ እጅህን ሊወስዱት ነው» አለችው።

«ወዴት?» አላት።

ጥያቄውን ሳይጨርስ ገባው። ጣሪያ ጣሪያውን ካየ በኋላ «ታዲያ አንቺን በምን እድርሻለሁ?» አለ። ካውሰር መድኃኒቱ የሚያናግረው መሰላት። ሐኪሙ «ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቃት «እሺ ብሏል» አለችው።

ጣሂር ፊቱን ተጠርጎ ወደ ኩሽና ወጣ። አብዱልመናን ሳን ሆዜ ካለው ሥጋ ቤቱ ሁለት ካርቶን ሙሉ የበግ ሥጋ አምጥቶ፣ በአዲሱ ሱፉ ላይ የዓፊፋን ሽርጥ አስሮ ቆሟል። በሁለት ዓመት ታናሹ ነው። ወንድሙ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ሱቁን እየዘጋ ሳምንቱን ሙሉ ከሳን ሆዜ ኦክላንድ የተመላለሰ፣ ወንድሙ ሳያውቅ አራት ወር የቤት ኪራይ የከፈለ ሰው ነው። ይህንንም ለጣሂር የነገረው ግድግዳው ነበር።

«ቀኑ ደስ ይላል፤ አይሞቅም» አለ አብዱልመናን።

«አይሞቅም» አለ ጣሂር።

«ከሰዓት ግን ሳን ሆዜ ሊሞቅ ይችላል።»

«ሊሞቅ ይችላል።»

ዓፊፋ ቢላዋዋን ይዛ አንዴ ባሏን አንዴ የባሏን ወንድም አየች። «ቁርስ ላቅርብልህ?» አለችው።

«በልቻለሁ» አለ። አልበላም። ይህቺን ቃል ከአራት ዓመት ወዲህ ከስሙ ይልቅ ደጋግሞ ብሏታል።

ነገሩ የተጀመረው በደግነት ነው። ከሆስፒታል የወጣ ሰሞን የሚያውቀውና የማያውቀው ሁሉ ሊጠይቀው መጣ፤ የመጣው ሁሉ አጎረሰው። አንድ እጅ ያጣ ሰው አፍ የተረፈው ይመስል ይጎርሳል፤ ሳያላምጥ ሌላው ይደገማል፤ «በሞቴ» ይባላል፤ «ይቺን ብቻ» ይባላል። በሦስት ወር አሥራ አራት ኪሎ ጨመረ። የሚከታተለው ሐኪም ኢንሱሊን እንዳያስጀምረው ጣሂር ፈራ። ከዚያ ራሴ እበላለሁ አለ። የቀረችው ደግሞ ግራ ናት። ግራ እጅ በሙስሊም ቤት ምን ሥራ እንዳላት ይታወቃል፤ ሥራዋ ክቡር ነው፣ ግን የትሪ አይደለም። ሼኹን ጠየቃቸው፤ የተቸገረ ሰው ይበላበታል፣ ምንም ነገር የለውም አሉት። በዚያ ዓመት ኢድ አንድ ዘመድ ቤት ትሪ ቀርቦ ስድስት ሆነው ከበቡት፤ ጣሂር በሼኹ ፈቃድ ግራ እጁን ዘረጋ። አምስቱም ሰዎች በአንድ ጊዜ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም። እጁን መለሰና «በልቻለሁ» አለ። ቤቱ ግን ማንም በሌለበት፣ በማንኪያም በእጁም ይበላል።

ግራ እጁ የተማረችውን ሁሉ የተማረችው እንዲሁ ሰው በሌለበት ነው። ዓፊፋ የካውሰርን የአንደኛ ክፍል ደብተሮች በካርቶን አስቀምጣ ስለነበር አንዱን አውጥቶ፣ በነጠብጣብ የተጻፈውን ፊደል እየተከተለ መጻፍ ጀመረ። መምህርቷ በየገጹ የለጠፈችው ኮከብ ለካውሰር የተሰጠ ቢሆንም አበረታቶታል። ጣውላ ላይ ምስማር መትቶ ሽንኩርት ይሰካበታል፤ ሌላ ጣውላ ላይ ጥፍር መቁረጫ አስሮ በክርኑ ይጫነዋል። የሸሚዝ ቁልፍ በሽቦ ስቦ ይቆልፋል። ጫማውን በአንድ እጅ ማሰር ሰባት ወር ፈጀበት፤ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ግዛ ያለው ሰው ሁሉ ጠላቱ ነበር። ሲሰግድ ሚዛኑን እየሳተ በግንባሩ እስኪፈነገል ወድቋል፤ ተነሥቶ ያቋረጠውን ረከዓ ደግሟል። ትራኩን ሸጠ። መሪው ላይ ኳስ የመሰለች መያዣ የተገጠመላት አሮጌ ቶዮታ ገዝቶ መንጃ ፈቃዱን ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው አስመለሰ። ሥራም አገኘ፤ ያው እጁን የቆረጡበት ሆስፒታል የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆነ። ሰው እንዴት ቀጠሩህ ሲለው «እጄን መያዣ አስይዤ» ይላል። ይኼን ሁሉ ሲያደርግ ስለ ትዕግሥት ሲናገር የሰማው የለም። ስለ ጫማ ማሰሪያ ግን ብዙ ተናግሯል።

ሱፉ መኝታ ቤት አልጋው ላይ ተዘርግቷል። ከጎኑ የጫማ ካርቶን አለ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ እጁ ነው፤ አንድ የእርዳታ ድርጅት የሰጠው። ቡናማ ነው፤ የማን ቡናማ እንደሆነ ግን አይታወቅም፤ በዚያ ቀለም የተፈጠረ ሰው ጣሂር በኦክላንድ አላየም፣ ኦክላንድ ውስጥ ደግሞ የሌለ ቀለም የለም። ዓፊፋ ለምን እንዳወጣችው አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም። አነሣው፣ አየው፣ ጨበጠው። እንደ ሰው ጨበጠው ማለት ነው፤ ሰላምታ እንደሚሰጥ። ቀዝቃዛ ነበር። ክዳኑን መልሶ አልጋው ሥር ገፋው። ዓፊፋ በር ላይ ቆማ ታየው ነበር።

«አልፈለግከውም?»

«ልጄን ለዕቃ አልድርም።»

ቀርባ ኮቱን አለበሰችው። ሁልጊዜ የቀኝ እጅጌውን አጥፋ በክር ትሰፋለታለች፤ ሰርግ ሲሆን ደግሞ ድርብ አድርጋ፣ ሰው ሲያቅፈው እንዳይፈታ። ዛሬ መርፌና ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሳለ በአንዲት መርፌ ቁልፍ ብቻ ያዘችው፤ እሷንም ላላ አድርጋ። ጣሂር እጅጌውን አየ፤ ከዚያ ሚስቱን አየ። ዓፊፋ ከትከሻው ላይ የሌለ ብናኝ አራገፈች።

«የምትነግሪኝ ነገር አለ?» አላት።

«ምን እነግርሃለሁ?» አለች። «አንተ ምን የማትሰማው ነገር አለ?» ወጥታ ሄደች።

ካውሰር ሳሎን ሶፋ ላይ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ ተቀምጣለች። የሌሊቱ ሒና ስላላማራት ጠዋት እንደገና አስደርጋ እስኪደርቅ ድረስ ምንም አትነካም። ዓፊፋና አብዱልመናን ሥጋ ውስጥ ናቸው። በዚያች ሰዓት ቤቱ ውስጥ ሥራ ያልያዘ እጅ የነበረው ጣሂር ብቻ ነበር።

«አባ፣ ውሃ» አለች። የጠርሙሱን ወገብ በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ክዳኑን በግራው ፈታና አጠጣት። «በጣም ርቦኛል» አለች ቀጥላ። ሳህን ላይ ከነበረው ሳምቡሳ ቆርሶ፣ ግራ እጁ መሆኗን እስኪረሳ ድረስ ሳያስብ፣ አጎረሳት። ዓይኗ ስልኳ ላይ እንደሆነ አፏን ከፍታ ጎረሰች። ሌላ አለች። ሌላ ሰጣት።

«ዳድ፣ ዎርዶቹን ያዝካቸው?»

«ይዣቸዋለሁ።» ሁለት ሳምንት ሙሉ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ በአንድ መኪናና በሚቀጥለው መካከል፣ ሲያጠናቸው ነበር። በዓረብኛ በዝግታ አለላት፤ ስሟ ጋ ሲደርስ አስሎ ቀጠለ። ካውሰር ዓይኗን ከስልኩ አነሣች።

«ፐርፌክት» አለች። «አትፍራ፣ ኦኬ? እኔ በመጋረጃው በኩል እሰማሃለሁ።»

ምንም አላወቀችም ማለት ነው። ጣሂር ሊነግራት አፉን ከፈተና በምትኩ የቀረችውን ሳምቡሳ አነሣ። «ይቺን ብቻ» አላት።

ሴቶቹ በአብዱልመናን ቫን ቀድመው ወጡ። ጣሂር ወደ ወደቡ መንገድ ወርዶ ጓደኛውን ተኪኤን አሳፈረው። ተኪኤ አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ስልሳ የደፈነ የትራክ ሹፌር ነው። የጣሂርን ትራክ የገዛው እሱ ነው፤ እስከ ዛሬም «ያንተ መኪና ዘይት ቀየረች፣ ያንተ መኪና ጎማ ጨረሰች» እያለ ሪፖርት ያቀርባል። ሁለቱ በሠፈሩ ሰርግ ሁሉ አይታጡም፤ «የውሃ ኮሚቴ» ይባላሉ። ተኪኤ ክርስቲያን ስለሆነ የእስላም ሥጋ አይበላም፤ በዚያ ላይ ዓመቱን ሙሉ የማያልቅ ጾም አለው፤ ዛሬም ፍልሰታ ነው። ጣሂር ደግሞ «በልቻለሁ» ባይ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሲበላ እነሱ ጥግ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ውሃ እየጠጡ በላተኛውን ይተቻሉ።

ጣሂር የሰማውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረው። ተኪኤ ክራባቱን ማሰሩን ተወ።

«እና አንተ ዝም ልትል ነው?»

«እስኪነግሩኝ እየጠበቅኩ ነው።»

«ካልነገሩህስ?»

«ካልነገሩኝ አላወቅኩም ማለት ነው።»

«አንተ ሰውዬ ሰይጣን ነህ» አለ ተኪኤ። ትንሽ አስቦ ደግሞ «አብዱልመናንም እኮ ክፉ አይደለም» አለ።

«ክፉ ቢሆንማ ምን ቸገረኝ? ጥዋቱን ኩሽና ገብቼ አስወጣው ነበር። ደግ ሆኖ ነው ያስቸገረኝ። ደግ ሰው በምን ይመታል?»

አውራ ጎዳናው ኤይት ኤይቲ እንደ ልማዱ ተዘግቷል፤ መኪናው በቀንድ አውጣ እርምጃ ይሄዳል። ጣሂር ኳሷን ይዞ በአንድ እጁ መስመር ይቀይራል፤ ቀኝ እጅጌው ጭኑ ላይ ተኝቷል። ሄይዋርድ ሲደርሱ፣ ወደ መጋዘኑ ከምታስገባው መውጫ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ተኪኤ ስለ ቤንዚን ዋጋ ማውራት ጀመረ። አራት ዓመት ሙሉ እዚያች ቦታ ላይ ስለ ቤንዚን ነው የሚያወራው። «ሦስት ከዘጠና ገባ እኮ! ኮስትኮ ሦስት ከሰባ ነው፣ ግን ሰልፉ!» ይላል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ መውጫዋ እስክታልፍ። የቤንዚን ዋጋ የወጣበትንና የወረደበትን ታሪክ ሄይዋርድ ላይ እንደ ጣሂር የሚያውቅ ሰው የለም። ዛሬ ግን አቋረጠው።

«ተኪኤ።»

«አቤት።»

«እዚያ የቀረችው እጄ አሁንም ያንን እጀታ እንደያዘች ነው። ዶክተሩ አንጎልህ ነው አለኝ። የመጨረሻ የያዝኩት ነገር ያ ነው፣ አልለቅም ትላለች። በሌላ ነገር ካልያዝኳት እዚያው ልትቀር ነው።»

ተኪኤ ቤንዚኑን ተወው። ዩኒየን ሲቲ እስኪደርሱ አልተናገረም፤ ይኼ ደግሞ ለሱ ከፍልሰታ የበለጠ ጾም ነው።

አዳራሹ ሳን ሆዜ ውስጥ፣ ከአንድ የጎማ ሱቅ ጀርባ ነው። የሰርጉ ጠረጴዛዎች በትልቁ ክፍል ተደርድረዋል፤ ኒካሁ የሚታሰርበት ጎን ክፍል ምንጣፍ ተነጥፎበት በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል፤ ወዲህ ወንዶች፣ ወዲያ ሴቶች። አብዱልመናን በር ላይ ተቀበለው። ኮሌታውን አስተካከለለት፣ ክራባቱን አስተካከለለት፣ የተስተካከለውን እንደገና አስተካከለለት። አፉ ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ሦስት ጊዜ ተዘጋ።

«ሞቀ አይደል?» አለ በመጨረሻ።

«ብለህ ነበር» አለ ጣሂር።

ምንጣፉ መሃል ሁለት ትራሶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱ ላይ እንድሪስ ተቀምጧል፤ ካምቤል ውስጥ የተሰበረ ስልክ የሚጠግን፣ ጸጥ ያለ፣ ዛሬ ደግሞ ላቡ ከጆሮው ሥር የሚወርድ ልጅ። ፊት ለፊቱ ባለው ትራስ ላይ አብዱልመናን ሄዶ ተቀመጠ። ለጣሂር አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሌላ ትራስ ተዘጋጅቶለታል፤ ያማረ፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ፣ ከሁሉም የሚበልጥ። ጣሂር ተቀመጠበት። ሰዎች «ማሻአላህ፣ አባት» እያሉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ካሜራው ተስተካከለ፤ ጣሂር ከትከሻው ጀምሮ ከፎቶው ውጪ ነበር።

ሼህ ወሌ ገቡ። ደሴ ተምረው ሳን ሆዜ ያረጁ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ሰው ናቸው። ምስክሮቹን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ሙሽራው የሚሰጠውን መህር ጠየቁ፣ ተነገራቸው። ከዚያ «ወሊይዋ፣ የሚድራት፣ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለ አብዱልመናን። «ማለቴ... በወንድሜ ውክልና።»

ሼኹ መነጽራቸውን ወደ ኋላ አዞሩ። «ጣሂር፣ ወንድምህን ወክለሃል?»

ይህንን ማንም አላሰበውም ነበር። ሽርጥ ታስሮ ሥጋ ተከትፎ፣ ትራስ ተመርጦ፣ ካሜራ ተነጣጥሮ፣ አባትየው አንድ ቃል እንደሚጠየቅ ማንም ትዝ አላለውም። ከመጋረጃው ወዲያ የነበረው የሴቶች ሹክሹክታ ተቋረጠ። ጣሂር የወንድሙን ማጅራት አየ። ጸጉሩን ዛሬ ጠዋት ተስተካክሏል፤ የተላጨው ቆዳ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ያ ማጅራት ስድስት ወር ሙሉ ለክትትል ከፊት ወንበር ሆኖ ሆስፒታል ያደረሰው ማጅራት ነው። «አዎ» ብሎ መገላገል ነበር። «አዎ» ቢል ማንም አያዝንም፣ ማንም አያፍርም፤ ሩዙም አይቀዘቅዝም።

«አልወከልኩም» አለ።

ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ግን ያልሰማ የለም። የአብዱልመናን ጆሮዎች ከሥራቸው ጀምረው ቀሉ። ጣሂር በግራ እጁ ምንጣፉን ተመርኩዞ ተነሣና የወንድሙ ትከሻ ላይ እጁን ጣል አደረገ።

«አብዱ፣ አላህ ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ ተሸክመኸኛል፤ ይችን ራሴ ልሸከማት። መሐረቡን አንተ ያዝልኝ።»

አብዱልመናን ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ተነሣ። ከደረት ኪሱ ነጭ መሐረብ አወጣ፤ ለራሱ እጅ ብሎ የገዛው፣ የፋብሪካ እጥፋቱ ገና ያልተፈታ። ጣሂር በለቀቀለት ትራስ ላይ ተቀመጠና ቀኝ እጅጌውን ወደ አፉ አነሣ። መርፌ ቁልፏን በጥርሱ ሳባት፤ ልፋትም አልጠየቀችው፤ ከጠዋት ጀምሮ ልትፈታ ተዘጋጅታ ነበር። እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበው። አራት ዓመት ሙሉ ከሐኪምና ከዓፊፋ በቀር ሰው ያላያት ጉማጅ ሁለት መቶ ሰው በሚመጣበት ቀን፣ ካሜራ ፊት ወጣች። ጫፏ የልጅ ጉልበት ትመስላለች።

ከኋላ ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ «በግራው ይያዝ እንጂ» አለ። ሌላው «ኒካህ በግራ? ኧረ ወላሂ ታይቶ አያውቅም» አለ። ሦስተኛው ወኪሉ ቢመለስ ይሻል እንደሆነ መናገር ሲጀምር፣ ጥግ ላይ ጫማውን አውልቆ የተቀመጠው ተኪኤ፣ ጉዳዩ ባይመለከተውም፣ «ዝም በሉ እንጂ፣ የሰው ሃይማኖት አታበላሹ!» አለ። ሼኹ ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ቀበሩት።

«አላህ የሚሰማው ቃሉን ነው» አሉ። «እጁ የኛ ልማድ ነው። ልማዱ ቀኝ ነው ካላችሁ፣ ቀኙ ይኸው መጥቷል፤ አጠር አለ እንጂ።» ወደ ሙሽራው ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ያዝ።»

እንድሪስ ቀኝ እጁን ቀድሞውኑ ዘርግቶ ነበር፤ አላጠፈውም። ትንሽ ግራ ገባው፤ የት ጋ እንደሚያዝ የተማረው ነገር የለም። ከዚያ የተሰነጠቀ ስልክ እንደሚያነሣ አድርጎ፣ መዳፉን ከሥር አስገብቶ፣ ጣቶቹን ዙሪያውን አጠፋቸው። መዳፉ እርጥብና ሙቅ ነበር። አብዱልመናን መሐረቡን ዘርግቶ ከላይ ጣለው፤ ጠርዙንም እንዳይንሸራተት በሁለት እጁ ያዘ።

ሼኹ አስባሉት፤ ጣሂር አለ። አንዱንም ቃል አልሳተም። «ልጄን ካውሰርን» የሚለው ጋ ሲደርስ እንደ ጠዋቱ አሳለ። በዚያች ቅጽበት፣ መሐረቡ ሥር፣ የሌለው እጁ ተንቀሳቀሰ። አውራ ጣቱ መጀመሪያ፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ አንድ በአንድ፣ ብረቱን ለቀቁ። ጣሂር ይኼን ለማንም አልተናገረም፤ ማንስ ያምነዋል? ግን አራት ዓመት ሙሉ ሄይዋርድ ላይ በር ይዞ የቆመ እጅ ያንን በር ትቶ መጣና ሙቅ የሆነ የሰው እጅ ጨበጠ። እንድሪስ «ተቀበልኩ» አለ። ሼኹ ሦስት ጊዜ አስደገሟቸው። ሦስተኛው ሳያልቅ ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት ሴት እልልታውን ለቀቀችው። የዓፊፋ ድምፅ ነበር፤ በሠላሳ ዓመት ትዳር ውስጥ ጣሂር ያንን ድምፅ አይስተውም። ከእልልታው ሥር ደግሞ «ዛትስ ማይ ዳድ!» የሚል ሌላ ድምፅ ነበረ።

መሐረቡ ተነሣ። እንድሪስ ግን አልለቀቀም።

«ልጄ፣ አልቋል» አለ ጣሂር። «አሁን እሷን ያዝ።»

በትልቁ ክፍል ሩዙና ሥጋው በትሪ ቀረበ። ለተኪኤ ለብቻው ሽሮና ሰላጣ ተዘጋጅቶለት ነበር፤ ግን የኮሚቴ ባልደረባውን ብቻውን ሊያስቀምጠው ስላልፈለገ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዞ የተለመደው ጥግ ላይ ለጣሂር ወንበር ያዘለት። ጣሂር ወደዚያ ሲያልፍ አብዱልመናን ከአራት ሰዎች ጋር ትሪ ከቦ ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አብዱልመናን ምን እንደሚል ስላላወቀ የሚያውቀውን አለ።

«ጣሂር፣ መቼም በልተሃል...»

ጣሂር ቆመ። «አልበላሁም» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ርቦኛል።»

ቦታ ለቀቁለት፤ ተቀመጠ። ቢስሚላህ ብሎ ግራ እጁን ትሪው ውስጥ ሰደደ። አራቱ ሰዎች ቀና ማለት ጀምረው ነበር፤ አብዱልመናን ግን አላየም፤ ትሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሥጋ የበዛበት በኩል ወንድሙ ጋ እስኪደርስ ድረስ አዞረው። ለማጉረስ አልሞከረም። አራቱም ቀስ ብለው ከጣሪያው ወረዱና፣ ሥጋው ርቋቸው ስለነበር፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ መብላት ጀመሩ።

ከጥጉ፣ ከባዶው ወንበር አጠገብ፣ ተኪኤ ሁለቱን የውሃ ጠርሙሶች እንደያዘ ተነሥቶ ቆመ።

«ከዳኸኝ!» አለ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ። ከዚያ ተቀመጠና የጣሂርንም ውሃ ጠጣለት።